ብርድ ልብስ ጭነን ወደ ደብረ ብርሃን

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. — ከኮልፌ እስከ ጠባሴ

"ብርድ ልብስ ወደ ደብረ ብርሃን መጫን ቅቤ ወደ ሸኖ እንደ መላክ ነው" ብሎ የሳቀብን የአይሱዙው ሾፌር ነው። እውነቱን ነው፣ ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አገር ናት። የእድራችን ዳኛ ግን ገንዘብ መላክ አይወዱም። "ዕቃ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል" ይላሉ። ስለዚህ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ለገቡት ወገኖች 140 ብርድ ልብስ ከመርካቶ ተገዛ፤ አባላት ያዋጡት ልብስና ስድስት ካርቶን ሳሙና ተጨመረበት። እኔ የተላክሁት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ "የመንግሥት ወረቀት ያውቅበታል" ተብዬ ነው። የአይሱዙው ኪራይ 8,500 ብር፣ የጫኝና አውራጅ ለብቻ።

ሰንዳፋን አልፈን አለልቱ ልንገባ ስንል የኋላው ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማ ደግሞ ነፋስ አልነበረውም፤ ረዳቱ "ትናንት ነበረው" ብሎ ማለ። ጎማውን በባጃጅ ወደ ከተማ ልከን ጎሚስታው ጠግኖ እስኪመልስልን ጭነቱን እየጠበቅን መንገድ ዳር ተቀመጥን። 200 ብር ለጥገናው፣ 100 ብር ለባጃጁ። የነቢያት ጾም ስለነበር ምሳችን ሽሮ ሆነ፤ 70 ብር። ኮልፌ በዚህ ዋጋ የሚገኘው ሽሮ ውኃ ነው፣ የአለልቱው ግን ማንኪያ ያቆማል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ ውቂያ ተጀምሯል።

ከሸኖ በኋላ ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ጫጫ አካባቢ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጭነቱ ሸቀጥ አለመሆኑን የሚያስረዳውን የወረዳችንን የድጋፍ ደብዳቤ አወጣሁ። ፖሊሱ ከጽሑፉ ይልቅ ማኅተሙን ነው ያነበበው። አንዱን እስር ብርድ ልብስ በእጁ ዳሰስ አድርጎ "እግዜር ይስጣችሁ፣ እለፉ" አለን።

ያረፍኩት ጠባሴ አክስቴ ቤት ነው። የድንጋይ ቤት፣ የኩበት ጭስ፣ በስልጆና በተልባ የቀረበ እራት። አክስቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ስለ 2014 ኅዳር አጫወተችኝ። ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከወሎና ከይፋት የሸሸው ሰው ከተማዋን ሞላት። እሷ ሁለቱን ክፍሎቿን ለቃ አንድ ቤተሰብ ከነአያቱ ከአንድ ወር በላይ አስቀምጣለች። "ቀበሌው ስንት ሰው እንዳሳደርኩ መዝግቦ ሄደ" አለች፤ "በሳምንቱ ግማሽ ኩንታል ስንዴ አምጥቶ በር ላይ ጣለልኝ። እኔ መቼ ጠየቅሁት?" ይህን ስትናገር ደስ ብሏት ይሁን ተቀይማ አልገባኝም። ምናልባት ሁለቱም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 7 — ደብረ ብርሃን

ጠዋት ቧንቧው አልፈታ ብሎ በጀሪካን ውኃ ተጣጠብኩ። ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ዘርዓ ያዕቆብ ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆረቁር ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይቶ ነው ይባላል፤ ብርዱን ያየበት ግን አይመስለኝም።

ዕቃው በቀጥታ ወደ ካምፕ አይሄድም። መጀመሪያ የሚረከበው ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ መጋዘን ይገባል፣ ሲከፋፈል ደግሞ በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ ይወጣል። ይህን ሥርዓት ስለማውቀው አልከፋኝም። ችግሩ ሌላ ነበር። ንብረት ክፍሉ ሞዴሉን በካርቦን አባዝቶ ጽፎ፣ ቆጥሮ፣ ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ሄዷል ተባለ። መቼ ይመለሳል? "ሰኞ ጠዋት ይግቡ ጋሼ።" ማኅተም የሌለበት ሞዴል ይዤ ብመለስ የእድሩ ዳኛ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ እስከ ሰኞ መቆየት ግድ ሆነ።

ይህን የነገረኝ የጽሕፈት ቤቱ ልጅ እግር ባለሙያ ግን ደግ ሰው ነው፤ እንዳልቀየም ብሎ ቻይና ካምፕ ወደሚባለው ቦታ ራሱ ወሰደኝ። ወይንሸት የሚባል ሌላም መጠለያ አለ፣ እዚያ አልሄድኩም። በባጃጅ 20 ብር እየከፈልን ስንሄድ ሥራውን አጫወተኝ። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ ወይም ከኤርትራ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ስደተኛ ቢሆን ኖሮ ተቀባዩ የፌዴራሉ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መብቱን በአንቀጽ ዘርዝሮለታል። አገር ውስጥ ለተፈናቀለው ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፣ ዋናው ኃላፊነት የመንግሥት ነው ይላል። የትኛው መንግሥት? ፌዴራሉም፣ ክልሉም፣ ዞኑም፣ ቀበሌውም መንግሥት ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ሲራገፍ ግን የሚደወለው ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። የሊቀ መንበሩ በጀት ደግሞ ደመወዝና ወረቀት ነው። የኛም ወረዳ ያው ነው፣ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለመጠባበቂያ የተያዘችው ብር ሐምሌ ላይ ተይዛ መስከረም ላይ ታልቃለች።

ካምፑ ውስጥ ሸራው፣ ቆርቆሮው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ተጠላልፏል። አብዛኛው ሰው ገበሬ ነው። ብዙዎቹ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ወለጋ የሠፈሩ ሰዎችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ናቸው። በቆሎና ቡና የለመደ ሰው የሸዋን ደጋ እንዴት ይችለዋል? አንዲት እናት ከኪረሙ አካባቢ ነው የመጣሁት አሉኝ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራሉ፤ ለልጃቸው በአንዱ ተቆጥተው በሌላው ያባብሉታል። በቀጭን ነጠላ ተሸፍነው "እዚህ አገር ፀሐይዋም ቀዝቃዛ ናት" አሉኝ። በብርድ ልብሱ የሳቀው ሾፌር እዚህ ቢቆም ኖሮ አይስቅም ነበር።

ራሽን የሚታደልበት ቀን ላይ ነው የደረስኩት። ልኩ ያኔ እንዲህ ነበር፦ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር እንኳ የማይሞላ ዘይት፣ 0.45። ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ነው። ሦስት ሰው 45 ይወስዳል፣ አምስት ኪሎ ይተርፋል። ስለዚህ አሥር አሥር ሰው እየተቧደነ ሦስት ከረጢት ይረከባል፣ ከዚያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ በጣሳ ይካፈላል። የአምስት ሰው ቤተሰብ ከሌላ አምስት ጋር ቢገጥም ሒሳቡ ይሰምራል፤ አራት ከሆኑ ስድስት ፈልግ ነው። ጣሳው ሞልቶ ሲገነፍል አንዷ ልጅ በመዳፏ ትደፍነዋለች፣ ያፈሰሰችውን ስንዴ ደግሞ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ክርክር አለ፣ ጩኸት አለ፣ ሳቅም አለ።

ጭቅጭቁ የከረረው ግን ከስሙ ዝርዝር ላይ ነው። ቆጠራ ሲደረግ ያልተገኘ ሰው ስሙ ይሰረዛል። ቆጠራው የሚደረገው በሥራ ቀን ነው፤ የቀን ሥራ ያገኘ ደግሞ 200 ብሩን ትቶ ቆጠራ አይጠብቅም። ስለዚህ ከዝርዝሩ የሚወጣው ሰነፉ ሳይሆን ሠርቶ አዳሪው ይሆናል። አንድ ጎልማሳ የግንባታ ሥራ ውሎ ሲመለስ ስሙ ጠፍቶ አገኘው። ያዳነው የእርዳታ ድርጅት ወይም ኮምፒውተር አይደለም፣ አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ ነች። "ይኼ ሰውዬ አለ! የሚስቱን አራስ ቤት እኔ ነኝ የጠየቅኋት!" ብላ በእስክሪብቶ ጻፈችው፣ ከተፈናቃዮቹ የተመረጠው ኮሚቴ አጠገቡ ፈረመ። ኦዲተር ቢያይ አይወደውም። እኔ ግን የአካባቢ አስተዳደር ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ይቺን መስመር ነው የማሳየው። እህሉ ከላይ ይመጣል፣ ሸራው ከውጭ ይመጣል፤ ሰውየው መኖሩን የሚያውቅ ግን ከዚያው ሠፈር ነው የሚገኘው። በእርግጥ ይህ ዕውቀት ለዘመድ ማስገቢያም ይሆናል። ኮሚቴው ለዚህ ነው ያስፈለገው፤ ኮሚቴውን ደግሞ ማን ይጠብቀው የሚል ጥያቄ እዚያው ሰልፉ ላይ ሰምቻለሁ።

እኔ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ ነው የምሠራው፣ ዓይኔ ሁልጊዜ መታወቂያ ላይ ነው። ኮልፌ መሸኛ ያላመጣ ሰው መታወቂያ አያገኝም። እዚህ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው "ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ" ማለት ቀልድ ነው። መፍትሔያቸው ፎቶ ተለጥፎበት ግማሹ ፎቶ ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማኅተም የተረገጠበት ደብዳቤ ነው፤ በሱ ጤና ጣቢያ ይታከማሉ፣ ልጅ ያስመዘግባሉ። ሲም ካርድ ለማውጣት ግን አንዳንዱ ጋ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጋ አይሠራም። ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ከየት ክፍል እንዳቋረጡ የሚያሳይ ወረቀት ስለሌላቸው መምህራኑ አስነብበው፣ ደምር ቀንስ ጠይቀው ይመድቧቸዋል። አንዱ ልጅ ስድስተኛ ነበርኩ ብሎ አራተኛ ተመድቦ አኩርፏል።

ማታ አክስቴ "ተሞቅበት" ብላ አንድ መለኪያ የደብረ ብርሃን አረቄ አቀረበችልኝ። ዓርብም ጾምም መሆኑን ባስታውሳት "አረቄ ከገብስ ነው፣ ገብስ መቼ ይፈስካል?" ብላ ዘጋችኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8 — ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት

እስከ ሰኞ ቁጭ ከማለት ሸዋ ሮቢት የሚኖረውን የባለቤቴን ወንድም ልጠይቅ ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ታሪፉ አንድ ነው፣ የሚከፈለው ሌላ ነው፤ 150 ብር ተጠየቅሁ፣ ከፈልኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ተኝቶበት የፊታችን መኪና አይታይም ነበር። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ገብተን ስንወጣ ጉሙ በአንድ ጊዜ ተገፎ ገደሉ ቁልቁል ተዘረጋ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወረድኩት። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡን፤ በ20 ብር ሱፍ የገባበት ገዛሁ። ከዚያ ሹራቡ ወለቀ፣ ቀጥሎ ኮቱ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በሸሚዝ ብቻ ነበርኩ። በሁለት ሰዓት መንገድ ከውርጭ ወደ ማንጎ!

አማቼ የተቀበለኝ በማንጎና በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጎረቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ቡና ላይ የነገሩኝን መልሼ መላልሼ አስቤዋለሁ። ኅዳር 2014 ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ጽሕፈት ቤቱም ተፈናቅሏል። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ነው የገባው። "ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልዬ ሚስቴ ጉያ ነው ያሻገርኩት" አሉኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተውሰው ለገዛ ሰዎቻቸው የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ቀን ደብዳቤ ጽፈው፣ ማታ እሳቸውም ራሽን ይሰለፋሉ። ሲመለሱ ቢሯቸው ወንበር አልነበረውም፣ ፋይሉ መሬት ላይ ተበትኖ ጫማ ታትሞበታል።

ለዚህ ነው እንግዲህ "አስተዳደሩ ምን ሠራልን" የሚለውን ወቀሳ ስሰማ ትንሽ የምጠነቀቀው። አማቼ ግን አይስማማም። "የቢሮው ወንበር በሦስት ወር ተተካ፤ የኔ የሽንኩርት ውኃ መሳቢያ ሞተር ተመዝግቦ ቀረ" ይላል። ለምዝገባው ሦስት ጊዜ ፎርም ሞልቷል። ሦስቱንም ቅጂ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል፣ አሳየኝ። ሞተሩን በብድር ነው የገዛው፤ ዘንድሮ ሽንኩርቱ ጥሩ ይዟል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9 — ሰንበቴ፣ አጣዬ

ወደ አጣዬ የሚወስደው መንገድ በሰንበቴ ያልፋል፣ እሑድ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ ነው። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ በርበሬው፣ ሽርጡ አስፋልቱ ላይ ፈስሶ ሚኒባሱ እንደ ሰው በእግሩ ነው የሄደው። ከሰሜን ሸዋ ዞን ወጥተን የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ገብተን፣ ትንሽ ሄደን መልሰን ሰሜን ሸዋ ገባን። ተሳፋሪው ወሰኑን ልብም አላለው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ እየተናገረ የሚገበያየው ሕዝብም እንደዚያው። ችግር በተነሳ ጊዜ ግን ይህ ወሰን ይታያል፤ የወዲህ ተፈናቃይ በወዲህ ዞን ይመዘገባል፣ የወዲያው በወዲያ። ዛሬ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ፍየል የሚሸጡት ሁለት ሰዎች ተፈናቅለው ከሆነ ስማቸው በሁለት መዝገብ ነው ያለው ማለት ነው።

አጣዬ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የደረሰባት ቃጠሎ ዛሬም ከመንገድ ዳር ይታያል። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ቀጥሎ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ ቀጥሎ ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ። ሻይ ያፈላችልኝ ሴት (10 ብር፣ ዝንጅብል ያለው) ቆርቆሮ ከመንግሥት እንዳገኘች፣ ምስማርና እንጨት ግን ራሷ እንደገዛች ነገረችኝ። "ቆርቆሮው ቶሎ መጣ። ካርታው ነው ያስቸገረኝ" አለች።

ይቺ የሙያዬ ነገር ስለሆነች ጆሮዬን አቆምኩ። የቤቱ ካርታ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ቢሮ ያለውም ቅጂ አልተረፈም። ታዲያ ባለቤትነቷ እንዴት ይረጋገጥ? ሦስት ጎረቤት ቀርቦ ምስክርነት ሰጠላት፣ የእድሯ ዳኛ ፈረሙ፣ ቀበሌው ቃለ ጉባኤ ይዞ አጸደቀ። አንዱ ምስክር ደብረ ብርሃን ስለነበር እስኪመጣ ተጠበቀ። የእድር መዋጮ መዝገቧ ላይ የቤት ቁጥሯ በመገኘቱ ነው ነገሩ ያለቀው። እኛ ሠፈር የእድር መዝገብ ለቀብር ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ስመለስ የኛን ጸሐፊ የቤት ቁጥር በትክክል መጻፉን እንደምጠይቀው ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ተመልሼ አደርኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10 — ደብረ ብርሃን፣ ወደ ቤት

በሌሊት ተነስቼ ጣርማ በርን በፀሐይ ወጣሁት። ጭላዶቹ ገደሉ አፍ ላይ ሣር ይነጫሉ፣ መኪና ቢያልፍ ቀና አይሉም። ማኅተም ያዡ ተገኘ! ሞዴሉ ተመታ፤ ብርድ ልብሱም ቅዳሜ መከፋፈሉን፣ ቅድሚያ ለአራሶችና ለአረጋውያን መሰጠቱን በሞዴል 22 ቅጂ አሳዩኝ። የመጋዘኑ ሠራተኛ የገባውን ቆጥሮ የወጣውን ሲያሳይ ደስ ይለኛል፣ የሙያ ነገር ነው።

"ሌላ ጊዜ ምን ብናመጣ ይሻላል?" ብዬ ጠየቅሁት ያንን ልጅ እግር ባለሙያ። ብርድ ልብስ ይላል ብዬ ነበር። "ወፍጮ" አለኝ። ስንዴው ይሰጣል፣ ማስፈጫ ግን ማንም አይሰጥም። ስለዚህ እናቶቹ ከ15 ኪሎዋ ላይ ቀንሰው በርካሽ ይሸጡና የወፍጮ ይከፍላሉ። የከተማ አስተዳደሩ ለወፍጮ የሚያወጣበት የበጀት ርዕስ የለውም፤ ለጋሹ ደግሞ የሚታይ ነገር ይወዳል። ካምፑ አጠገብ ካሉት ወፍጮ ቤቶች አንዱን ሄጄ ጠየቅሁ፣ ባለቤቱ በጅምላ ከሆነ ከኪሎው ላይ ትንሽ እንደሚቀንስ ነገረኝ። የ8,500 ብር የአይሱዙ ኪራይ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈጭ እዚያው በጣቴ ደመርኩት።

አውቶቡሱ ሸኖ ላይ ቅቤ ለሚገዙ ሲቆም (ጾም ነው ብዬ አልገዛሁም፣ ለገና ነው ብለው ግማሹ ተሳፋሪ ገዛ) ለእድሩ ዳኛ ደወልኩ። የሞዴሉን ቁጥር ነገርኳቸው፣ ማኅተሙን ነገርኳቸው፣ ቀጥዬ የወፍጮውን ነገር አነሳሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

"ወፍጮ ቤቱ ደረሰኝ ይሰጣል?"

"ይሰጣል ጋሼ። የተፈጨውን ኪሎ ቀበሌውና ኮሚቴው ይፈርሙበታል።"

"ቀበሌው ማኅተም ያደርግበታል?"

"ማኅተም ያዡ ካለ።"

"እንግዲያው ለወር መጨረሻው ስብሰባ አቅርበው" አሉኝ፤ "የአይሱዙውን ደረሰኝ ግን እንዳትጥለው።"